«እንጀራ ቀንሱ» የሚለው ምክር በእንጀራ ልክ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ካርቦሃይድሬት የበዛበትን ምግብ እንዲቀንሱ የሚመክረውን፣ በጤና ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የምክሩን ትክክለኛነት አልቃወምም። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ከተገኘብኝ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ በደብረ ብርሃን ከተማ 31 ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ምክሩ ሲሠራም በራሴ ሰውነት አይቼዋለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ጉዳይ ነው። «እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ ይቀንሱ» ይላል፤ ከስንት ወደ ስንት እንደሚቀነስ፣ በምን እንደሚተካ፣ የሚወሰደው መድኃኒትስ እንዴት እንደሚሆን ግን አይናገርም። ምሳ በላሽ ወይ ለማለት እህል ቀመስሽ ወይ በሚባልበት አገር ይህን ሳይናገሩ ማለፍ፣ ምክሩን ሰምቶ በቅንነት ለመፈጸም የሚነሣን ሰው አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። እኔን ጥሎኛል።

ሕመሙ በተገኘብኝ ዕለት ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ የጤና ተቋም የተሰጠኝ ምክር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ጣፋጭ ይተዉ፣ እንጀራና ዳቦ ይቀንሱ፣ ጥቁር ጤፍ ይብሉ» ተብዬ፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ የተባሉ የስኳር እንክብሎች ተጽፈውልኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከሦስቱ ምክሮች ልቤ የያዘው የመጨረሻውን ነበር፤ ምክንያቱም ከሦስቱ የሚቀለው እርሱ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ነጩን ጤፍ በጥቁር ለውጬ መጠኑን ሳልነካ በላሁ። ጎረቤቶቼም ዘመዶቼም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ አሁንም ብዙዎቹ ያደርጋሉ። ጥቁር ጤፍ የራሱ መልካም ነገር አለው፤ ሲፈጭ ስኳር የሚሆነው የስታርቹ መጠን ግን ከነጩ ብዙም አይለይም። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳርን የሚያሳየው የሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ምርመራ ውጤቴ 9.4 በመቶ ነበር። ሕመሙ አለ የሚባለው ከ6.5 በመቶ ጀምሮ መሆኑን ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው።

መጠኑን በትክክል የተረዳሁት ከሊጡ ተነሥቼ ነው። በቤቴ ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ሰባት እንጀራ ይወጣል። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ወደ 8 ግራም የሚጠጋው የማይፈጭና ወደ ደም የማይገባ ፋይበር ስለሆነ ይቀነሳል። የቀረው ለሰባት ሲካፈል፣ እርሾው በሚቦካበት ጊዜ ጥቂቱን ቢበላውም፣ በአንድ እንጀራ ውስጥ 90 ግራም ገደማ ተፈጭቶ ግሉኮስ የሚሆን ስታርች አለ ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ሻዬን ያለ ስኳር እየጠጣሁ በአንድ እንጀራ የሃያ ማንኪያ ያህል እየወሰድኩ ነበር። ጠዋት ፍርፍር፣ ቀን አንድ እንጀራ፣ ማታም እንዲሁ እበላ ነበርና በቀን ከእንጀራ ብቻ 270 ግራም ይደርስ ነበር። በሕክምናው ዓለም አነስተኛ ካርቦሃይድሬት የሚባለው አመጋገብ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች ያለው ነው፤ በእኛ ምጣድ ሲለካ ይህ አንድ እንጀራ ከግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ወጡም፣ ቆሎውም፣ ወተቱም በዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ።

የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የሥነ ምግብ መግባቢያ ሰነድ፣ አጠቃላይ የካርቦሃይድሬትን መጠን መቀነስ የደም ስኳርን ለማሻሻል ከተሞከሩት የአመጋገብ መንገዶች ሁሉ ይበልጥ ማስረጃ ያለው መሆኑን፣ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ቁርጥ ያለ መጠን ግን እንደሌለ አስፍሯል። ሁለተኛው ሐሳብ ከመጀመሪያው እኩል ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ደረሰብኝ ነገር ልምጣ። ሒሳቡን ከሠራሁ በኋላ ደንግጬ፣ ለማንም ሳልነግር፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት እንጀራ ወደ ግማሽ ወረድኩ። መድኃኒቴን ግን እንደ ቀድሞው ጠዋት ጠዋት እወስድ ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። አንድ ረቡዕ ቀን ግሊቤንክላሚዴን ውጬ፣ እህል ሳልቀምስ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልቤ መታ፤ በዚያ በደብረ ብርሃን ነፋስ ሰው ሁሉ ጋቢውን አጥብቆ ተከናንቦ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ጨለመ። አጠገቤ የነበሩ እናቶች በቅንነት ጠበል ሊያመጡልኝ ሲጣደፉ፣ ከመካከላቸው አንዷ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ስለምታሳድግ ምልክቱን ታውቀው ኖሮ ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ በአፌ አደረገችልኝ፤ ከአንዱም አስከትላ ሦስት ሰጠችኝ። ቆይቶ በእርሷው መሣሪያ ስለካ ገና 58 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። ከ70 በታች ሲሆን ስኳር ወርዷል ይባላል። እንዲህ ሲሆን 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር፣ ማለትም በውሃ የተበጠበጠ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር መውሰድ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተነሣም መድገም ይገባል፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከዚያ ቀን በኋላ መሆኑ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን አምጪ እያለ የሚገፋው እህል መጣ አልመጣ ሳይጠብቅ ነው። በመርፌ የሚወሰድ ኢንሱሊንም እንዲሁ የተለካው በሚበላው ምግብ መጠን ነው። እህሉ በግማሽ ሲቀነስ መድኃኒቱ በነበረበት ከቀረ የደም ስኳር ይወድቃል። ሜትፎርሚን በዋነኛነት ጉበት የሚያወጣውን ስኳር ስለሚቀንስ ለብቻው ሲወሰድ እምብዛም እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ምግቡን ለመቀነስ የሚያስብ ሰው የመጀመሪያ ሥራው የመድኃኒቱን ስም አንብቦ ሐኪሙን «እህል ልቀንስ ነውና መጠኑ ይታይልኝ» ማለት ነው። እኔን የሚከታተሉኝ ሐኪም ይህን ስነግራቸው ግሊቤንክላሚዱን መጀመሪያ በግማሽ ቀነሱት፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አስቆሙኝ። እንደ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉትን አዳዲስ መድኃኒቶች የሚወስዱም ሰዎች እህልን በጣም ሲቀንሱ ደም ውስጥ አሲድ የሚከማችበት ከባድ ሁኔታ ሊያጋጥማቸው ስለሚችል እንዲሁ መጠየቅ አለባቸው። ዓይነት 1 ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል ፈጽሞ አይጀምረው።

ሁለተኛውን ጊዜ በቀስታ ሄድኩ። በየሁለት ሳምንቱ ሩብ እንጀራ እየቀነስኩ በቀን ከሦስት ወደ አንድ ለመድረስ አራት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ ላይ ራስ ምታት፣ ድካምና በተለይ ማታ ማታ የሚነሣ ረሃብ ነበረብኝ፤ ሆዴም ደርቆ ነበር። ውሃ አብዝቼ ስጠጣ፣ የተወቀጠ ተልባ በውሃ በጥብጬ ስወስድ፣ የጎመኑንም መጠን ሳበዛ እየቀለለኝ ሄደ። መለኪያ መሣሪያ ስለ ነበረኝ ምግብ ከመብላቴ በፊትና ከበላሁ ሁለት ሰዓት በኋላ እየለካሁ በደብተር እጽፍ ነበር። አንድ እንጀራ በሽሮ ከበላሁ በኋላ 243 የደረሰው ስኳሬ፣ አስቀድሜ ጎመንና እንቁላል በልቼ ግማሿን እንጀራ በመጨረሻ ስበላ 161 ላይ ቆመ። ቅጠሉና ፕሮቲኑ ቀድመው ሲገቡ እህሉ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት ይቀንሳል። በቤታችን ግን ሥርዓቱ ተቃራኒ ነው፤ እንጀራው ይነጠፋል፣ ወጡ በላዩ ይፈስሳል፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ እንጀራው ይበዛል።

ከሁሉ የከበደኝ ረሃቡ ሳይሆን ትሪው ነበር። ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ ማን ምን ያህል እንደ በላ የሚያውቅ የለም፤ ለበሽተኛው ደግሞ ጉርሻው ይበዛለታል። ስለዚህ ድርሻዬን በሳህን ለይቼ ማቅረብ ጀመርኩ። መንዝ ወርጄ በዘመዶቼ ቤት ይህን ሳደርግ አክስቴ እጃቸውን ከገበታው አንሥተው «ልጄ፣ ምን አስቀይመንሽ ነው ከገበታችን የተለየሽው?» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ለብቻ መብላት የኩርፊያ ምልክት ነው፤ ወጥን በማንኪያ መብላትም የሕፃን ወይም አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ ነገር ነው። ለአክስቴ ስለ ስታርች ማስረዳት አልቻልኩም። «ሐኪም ለክቶ የሰጠኝ ነው፣ እንዳልሳሳት ብዬ ነው» አልኳቸው፤ የሐኪም ትእዛዝ መሆኑን ሲሰሙ ልባቸው አረፈ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስሄድ ሳህኔን ራሳቸው ያወጣሉ። በቤቴም ባለቤቴና ልጆቼ በአንድ ትሪ ጫፍ ላይ የእኔ ድርሻ ታጥፎ እንዲቀመጥ፣ ጎመኑና ሰላጣው ቀድሞ እንዲቀርብ ተስማምተን ነገሩ ተለመደ። የታማሚው አመጋገብ ሲለወጥ የምታበስለው ሴት አሠራርና የአብሮ በላተኞቹ ልማድ አብሮ ይለወጣል፤ ስለዚህ ምክሩ ለታማሚው ብቻ በክፍል ውስጥ ተነግሮ ማለቅ የለበትም።

ጾሙ ደግሞ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ስለ አነስተኛ ካርቦሃይድሬት የሚጻፉ ጽሑፎች እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣና አይብ ብሉ ይላሉ። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ነቢያትን፣ ፍልሰታን የሚጾም ሰው ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን እነዚህን አይነካም፤ በእነዚያ ቀናት ገበታው ላይ የሚቀረው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና የድንች ወጥ ነው። ድንችን ከአታክልት እንቆጥረዋለን፤ ለስኳር ታማሚ ግን የሚቆጠረው ከእንጀራው ጋር ነው። እኔ በጾም ወቅት የያዝኩት መንገድ ጥራጥሬውን ከእንጀራ ማባያነት ወደ ዋናው ምግብነት ማምጣት ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም 8 ግራም ያህሉ ፋይበር ነው፤ ወደ 9 ግራም ፕሮቲንም ይሰጣል፤ ስኳርንም በዝግታ ያነሣል። አዚፋ፣ ስልጆ፣ እልበት፣ የባቄላ ፉል ያለ ዳቦ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣው ማሾ፣ ወፍራም ሽሮ ከብዙ ጎመን ጋር በየተራ እበላለሁ፤ ሱፍና ኑግ ቅባቱን ይሞሉልኛል። የሞረትና የእንሳሮ ሰዎች ግን ይህን አንብበው ወደ ጓያ እንዳያዘነብሉ አደራ እላለሁ፤ ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ሲዘወተር እግር የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትን በተመለከተ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ምእመን ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይወስን። የእኔ የንስሐ አባት «ለሕሙም ሰዓቱ አይጠበቅበትም፣ ከቅባቱ ተከልከዪ» ብለው አሰናብተውኛል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳን ከመግባቱ በፊት እንዲሁ የመድኃኒታቸውን ሰዓትና መጠን ማስተካከል ያስፈልጋቸዋል።

ስለ ገብስ አንድ ነገር ልበል፤ የደጋው ሰው ነንና። ገብስ ውስጥ ቤታግሉካን የሚባል የፋይበር ዓይነት ስላለ ስኳርን በዝግታ የሚያነሣ እህል ነው። ይሁን እንጂ አዘገጃጀቱ ብዙ ይለውጠዋል። አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ እያላመጥኩ ስበላና ያንኑ ያህል በበሶ መልክ በጥብጬ ስጠጣ ስኳሬን ለክቼዋለሁ፤ በሶው በየጊዜው ከቆሎው በልጦ ተገኝቷል። ደቆ የተፈጨ ዱቄት ፈጥኖ ይፈጫል፤ ፍሬው ሳይሰበር የተበላው ግን ይዘገያል። ደብረ ሲና መኪና ሲቆም በመስኮት የሚሸጠውን ቆሎ ስለዚህ በእፍኝ ልክ እበላለሁ፤ በሶ ግን ትቻለሁ።

በአካባቢያችን ሥር የሰደዱ ሁለት እምነቶች አሉ፤ እነርሱንም ብታነሧቸው ደስ ይለኛል። አንደኛው ማር መድኃኒት ስለሆነ ስኳር አያስነሣም የሚለው ነው፤ ከማር 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። ሁለተኛውና አደገኛው አረቄ መራራ ስለሆነ ስኳርን ይገድላል የሚለው ነው። አረቄ ስኳርን የሚያወርድባቸው ጊዜያት መኖራቸው እውነት ነው፤ ጉበት አልኮሉን በማጣራት ሲጠመድ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ስለሚቀንስ ነው። በባዶ ሆዱ፣ እህል ቀንሶ፣ ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ወስዶ አረቄ የጠጣ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሲወድቅ የሚያየው ሁሉ ሰክሯል ብሎ ይተወዋል። የጎረቤቴ ወንድም እንዲህ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቷል ተብሎ ነበር፤ ነፍሱ የተረፈችው ልጁ ሊቀሰቅሰው ሞክሮ ስላልተነሣ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በመንዝና በሌሎች ደጋማ ወረዳዎች ያለ ገበሬ ጎተራው ውስጥ ያለው ገብስ ነው፤ እንቁላሉን ለጨውና ለደብተር ይሸጠዋል። ለዚህ ሰው «እህል ቀንስ» ብቻ ብሎ መሸኘት ተራብ እንደ ማለት ነው። እርሱ የሚያስፈልገው በጓሮው ጎመን ማብዛትን፣ ከሚያመርተው ባቄላና አተር የሚሸጠውን ቀንሶ ለራሱ ማስቀረትን፣ ከአራት ቁራሽ አንዱን በንፍሮ መተካትን የሚያሳየው ባለሙያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከቤት ቤት ስለሚዞሩ ይህን ለማስተማር ከማንም ይልቅ ይቀርባሉ፤ ሥልጠናው ቢሰጣቸው። የመለኪያ ስትሪፕ ዋጋም ለጡረተኛ ከባድ ነው፤ እኔ ለልጆቼ ምስጋና ይግባቸውና እችላለሁ፤ የማይችሉት ግን እህል እየቀነሱ ስኳራቸው የት እንዳለ ሳያውቁ ይኖራሉ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ መጠኑን በእንጀራ፣ በጭልፋና በእፍኝ እንድትነግሩን፣ የጾምና የፍስክ ገበታን ለይታችሁ እንድታሳዩን፣ የየትኛው መድኃኒት ተጠቃሚ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር እንዳለበት ከምክሩ በፊት እንድታስቀድሙ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ኤዋንሲዬ ከ9.4 ወደ 6.8 በመቶ ወርዷል። የበላሁትንና ከበላሁ በኋላ የለካሁትን የጻፍኩባቸው ሦስት ደብተሮች በእጄ አሉ፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ አይቶ ለአንባቢ የሚጠቅመውን እንዲመርጥባቸው ዝግጅት ክፍሉ ከፈለገ እልካቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት ጡረተኛ መምህርት
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ